ሠላሳ ሦስት የደመና ቀናት

ፀሐይን በየቀኑ ፎቶ አነሳለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ጣሪያ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። ከዚያ ከቀደምኩ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስለምትል ምስሏ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ከዘገየሁ ደግሞ የጣሪያው ሲሚንቶ ይግልና የሚነሳው ሙቀት ጠርዟን ያንተከትከዋል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከማቆሜ በፊት ባልዲ ውሃ ይዤ ወጥቼ ዙሪያውን አርከፈክፋለሁ።

«ሰው አበባ ያጠጣል» ትላለች እናቴ ከደረጃው ሥር። «የኔ ልጅ ሲሚንቶ ታጠጣለች። ይብቀልልሽ!»

«አሜን እማዬ።»

ቀጥሎ ማጣሪያውን ወደ አምፖል አቅንቼ እመረምራለሁ። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚገጠም፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ነው፤ ከሚመጣው ብርሃን መቶ ሺህ እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ካለችው ዓይንም ታጠፋለች፣ ካሜራም ታቃጥላለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳልመረምር ገጥሜው አላውቅም። የእንጀራ ሥራዬም ከዚህ አይርቅም። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ እያየሁ እቆጥራለሁ። መቶ ሕዋስ ቁጠሪ ከተባልኩ መቶ ነው የምቆጥረው። ዘጠና ስምንት ላይ ደክሞኝ «መቶ ነው» ያልኩበት ቀን የለም።

ፀሐይን ያስጀመረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሕፃን ሳለ ጉንጩ ዓይኑን እስኪሸፍነው ወፍራም ስለነበር እናቴ ድንቡሼ አለችው፤ አሁን ከበር ጉበን ጋር የሚጋጭ፣ ቀበቶው ወገቡን ዞሮ የሚተርፍ ቀጫጫ ሰው ሆኖም ስሙ አልለቀቀውም። የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ የሠራው ከመነጽር ሠሪ በለመነው መስታወትና በጣሪያ ውሃ መውረጃ ቱቦ ነው። አንገት ሳያንጋጥጡ ማየት እንዲቻል ጫፉ ላይ ትንሽ መስተዋት አጋድሞ ገጠመበት። በዚህ የተነሳ በዚያ ቱቦ የሚታይ ነገር ሁሉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል።

መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን በፀሐይዋ ሆድ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አየሁና «መስታወትህ ቆሽሿል» አልኩት።

«እሺ ቱቦውን በቦታው አሽከርክሪው።»

አሽከረከርኩት። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም።

«ያቺ ነጥብ ከምድር ትበልጣለች፣ እታለም» አለኝ እየሳቀ። «አንቺ ቆሻሻ ትያታለሽ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ትቼው አላውቅም። ነጥቦቹ ፀሐይዋ ስትዞር አብረዋት ይዞራሉ። በግራ ጠርዝ ብቅ ይላሉ፤ በቀን አሥራ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተራመዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀኝ ጠርዝ ይገባሉ። ጠርዝ ሲደርሱ ክብነታቸው ይቀርና ይጠብባሉ፤ ሳንቲም በጎኑ ሲታይ እንደሚቀጥነው። አንዳንዱ በጀርባዋ ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ወንድሜ ከሄደ አሥራ አራት ወር ሆነው። ከኛ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ርቆ፣ የባቡር ሐዲድ ተራራ በስቶ በሚያልፍበት ቦታ፣ የቀያሽ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። «ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክሜ ሜዳ ለሜዳ መዋል ነው» አለ። «ፀሐይ እንደሆነ እስክትሰለቸኝ።» ደህናውን ቴሌስኮፕ ለኔ ትቶ ቱቦውን ይዞ ሄደ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ውል ገባን። እንደኛ የእንጀራ ሥራቸው ሌላ የሆነ ሰዎች የሚሰባሰቡበት የፀሐይ ታዛቢዎች ማኅበር አለ። አንድም ቀን ሳይጎድል ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን የተነሳ ተከታታይ ፎቶ ላመጣለት ሰው ሥራውን ከነስሙ ያትምለታል። ለብቻው ይህን የሚሞላ ሰው የለም፤ ደመና አለ። በሁለት ቦታ ያሉ ሁለት ሰዎች ግን ይችሉታል።

«አንቺ ጋ ሲደምን እኔ እልካለሁ» አለኝ፣ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ አድርጎ። «ዓመቱ ሲሞላ እረፍት ወስጄ እመጣለሁ። ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ለጥፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመድን እናያታለን።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «እመጣለሁ» የሚለው ብቻ ነው። ከኮሪደሩ ላይ ኮት መስቀያውን ነቅዬ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀባሁት። እናቴ ባዶውን ግድግዳ አየችና «ምነው፣ ሙሽራ ሊገባ ነው?» አለች።

መጻጻፋችን እንዲህ ነበር፦

«ዛሬ ደመና። ላክ።»

«ተልኳል።»

«ሰዓቱ?»

«አራት ከአሥር።»

«ጠርዟ ደብዝዟል። አጥርተህ አንሳ።»

«እሺ እታለም።»

ሌላ የለም። ጽፌ የማጠፋው ግን ነበር። «መኝታህ ይሞቃል?» ብዬ ጽፌ አጥፍቻለሁ። «ሳቅህ ናፈቀኝ» ብዬ ጽፌም አጥፍቻለሁ፤ ከዲግሪና ከሰዓት ቀጥሎ ሲገባ እንግዳ ነገር መሰለኝ። በቦታው «ጠርዟ ደብዝዟል» ብዬ ላክሁ።

እኔም በበኩሌ ጠዋት ያነሳሁትን በየቀኑ እልክለታለሁ፣ የምልከው ግን ጥሬውን ነው። በካሜራዬ ውስጥ፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት መስታወት ላይ፣ ሦስት ጉድፎች አሉ። አጸዳለሁ ብዬ መስታወቱን ከምቧጭረው ይቀመጡ ብዬ ተውኳቸው። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በዚያው ቦታ ይወጣሉ፤ ከመሀል ዝቅ ብሎ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከበላያቸው። ለመዝገቡ የሚገባውን ፎቶ ከሥራ ስመለስ በኮምፒውተር ጉድፎቹን አጥፍቼ አጥበዋለሁ። ለወንድሜ ግን ያልታጠበው ይበቃዋል እላለሁ። ከጊዜ ብዛት እነዚያን ጉድፎች ዓይኔ አያያቸውም። ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው። የማይክሮስኮፑ ጭረት የቱ ጋ እንደሆነ ስለምናውቅ ዘለነው እንቆጥራለን። መዝለል መቻል የሥራው ግማሽ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረውም እሱን ነው።

ተከታታዩ ግማሽ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእያንዳንዱን ነጥብ የዕለት ቦታ በባለካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰፍራለሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው በደመና ቀን፣ ማለትም በወንድሜ ቀን፣ ደረጃ ይሠራል። ፀሐይዋ በእሱ ቀን ቆማ ትውልና በማግስቱ የሁለት ቀን መንገድ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ቢሆን የመለኪያ ስህተት ነው። ሰባት ጊዜ ግን ስህተት አይባልም።

«የስልክህ ቀን አንድ ቀን ወደኋላ ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩለት። «ወይ ደግሞ የትናንቱን ነው ዛሬ የምትልክልኝ። አስተካክል።»

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። «ይቅርታ እታለም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው። ከእንግዲህ ይስተካከላል።»

ተስተካከለም። ደረጃው ጠፋ። ያለፉት ሰባት ቀኖች ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ማድረግ የነበረብኝ መሰረዝ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ነበር የምመልስለት። ግን እነዚያ ቀኖች ከተሰረዙ ዓመቱ ይፈርሳል፤ ዓመቱ ከፈረሰ ድንቡሼ በምን ምክንያት ይመጣል? የጥያቄ ምልክቷን በጣም ቀጭን አድርጌ ነው የጻፍኳት።

ሦስት መቶ አርባ ስምንተኛው ቀን ደመና ሆነ። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶናል። «ላክ» አልኩት፣ ላከ። በዚያ ሳምንት አንድ ትልቅ ነጥብ ወደ ቀኝ ጠርዝ እየቀረበ ነበርና በጉጉት ከፈትኩት። ነጥቡ በልኬቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ፣ ጠርዙ ሥር ነው። ግን ክብ ነው። ልብስ ላይ እንደተሰፋ ቁልፍ ድብልብል ብሏል። በዚያ ቦታ ላይ ክብ ነጥብ አይኖርም፤ የትም ሆኖ፣ ማንም ያንሳው፣ አይኖርም።

ሁልጊዜ እንደማደርገው የቱቦውን መገልበጥ ለማቃናት ፎቶውን ከግራ ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። ነጥቡ ለምን እንዳልጠበበ ምክንያት ፍለጋ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ ምን እንደሚያሳስት ስለማላውቅ ምንም ላለመዝለል ወስኜ። ከመሀል ዝቅ ብሎ ሁለት ጉድፍ ጎን ለጎን አለ። አንዱ ከበላያቸው።

ከዚያ በፊት ባለው ቀን ያነሳሁትን የራሴን ጥሬ ፎቶ አምጥቼ በላዩ ደረብኩት። ጉድፍ በጉድፍ ላይ ልክክ አለ። ከአንዷ ነጥብ በቀር ሁሉ ነገር ልክክ አለ። ወንድሜ የኔን ፎቶ ገልብጦ፣ ትንሽ አደብዝዞ፣ ነጥቧን ወደ ጠርዙ ገፍቶ መልሶ ልኮልኛል።

የላካቸውን ሃምሳ ሁለቱንም ከፈትኩ። አሥራ ዘጠኙ፣ የመጀመሪያዎቹ፣ በቱቦው የተነሱ እውነተኛ ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ የኔ ናቸው። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ጉድፌ ዓይኔ ሥር ቆሞ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ዘለልኩት።

መናደድ ነበረብኝ። እኔን የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። የቀረን አሥራ ሰባት ቀን ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ የማኅበሩ ሰዎች የሚያዩት የታጠበውን ነው።

ወደ ወጥ ቤት ወረድኩ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

«እማዬ፣ ድንቡሼ ዋሸኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ፀሐይ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «በዓለም ላይ ስንት የሚዋሽበት ነገር እያለ?»

ነገርኳት። ስለ ጠርዙ፣ ስለ ጉድፉ፣ ስለ ሠላሳ ሦስቱ። ሳታቋርጠኝ ሰማችና ቢላዋዋን መልሳ አነሳች።

«ታዲያ ከየት ያንሳው?» አለች። «ከዋሻ ውስጥ?»

«ከምን ዋሻ?»

«ተራራውን ከሚበሱበት ነዋ። ወደ ውስጥ ካስገቡት ስምንት ወር ሆነው። ሳይነጋ ይገባል፣ ከመሸ ይወጣል። ሰው አነሰን ብለው ነው።»

«ነግሮሽ ነበር?»

«ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ድምፁ ሲሻክርብኝ ምነው አልኩት። አቧራ ነው አለኝ። ሜዳ ላይ የምን አቧራ ነው አልኩት። ከዚያ አወጣው።»

«እና ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ በሽንኩርቱ ቀልቷል። «አንቺ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? አንቺ የምትጠይቂው ፀሐይዋ እንዴት እንዳደረች ነው።»

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ከመደወሌ በፊት መዝገቡን አወጣሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ቀድሜ ከሰማሁ አልሰርዝም። በቀይ ብዕር ሠላሳ ሦስቱን ቀኖች አንድ በአንድ ሰርዤ ከጎናቸው «አልታየችም» ብዬ ጻፍኩ። ስጨርስ ቆጠርኩ። ከሁሉ የረዘመው ያልተቆረጠ ተርታ መቶ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ማኅበሩ ለመቶ አሥራ አንድ ቀን ቦታ የለውም።

በሌላ ወረቀት ላይ የምጠይቀውን ጻፍኩ። ተራ ቁጥር ያላቸው ሰባት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው «መቼ ጀመርክ?» ይላል።

በማግስቱ ማታ አንድ ሰዓት፣ ከዋሻው እስኪወጣ ጠብቄ ደወልኩ።

«ሃሎ? እታለም? ምን ሆናችሁ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ነን።» ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ አጠፍኩት። «ምን በላህ?»

«ምን?»

«እራት። ምን በላህ ነው የምልህ።»

«ገና ነኝ… ቦት ጫማዬን እያወለቅኩ ነው። ትናንት የላክሁት አልገባም እንዴ?»

«ገብቷል።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ደወልሽ?»

ነገር አልነበረበትም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አንጀቴን የበላውም እሱ ነው፤ የገዛ እህቱ ስትደውል ምን ፈልጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አድርጌዋለሁ።

«ዋሻው ውስጥ እንዴት ነው?» አልኩት።

ከኋላው የብረት ሳህን ሲንኳኳና ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ከዚያ ጫጫታው እየራቀ ሄደ፤ ወደ ውጪ መውጣቱ ነው።

«እማዬ ናት የነገረችሽ?»

«ጉድፌ ነው።»

«ምንሽ?»

«የካሜራዬ ጉድፍ። ሦስት ናቸው። አንተ በላክኸው ላይ አሉ።»

መጀመሪያ ትንፋሹ ተሰማኝ፣ ከዚያ ሳቁ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ መሀሉ ላይ በሳል ተቆረጠ። «በጉድፍ! እኔ ፀሐይ በጣቴ ስገፋ አመሻለሁ፣ አንቺ በጉድፍ ትይዢኛለሽ! አንቺ እኮ ዳኛ መሆን ነበረብሽ።»

«ጠርዙ ላይ ያለችውንም አላጠበብካትም።»

«ትጠብባለች እንዴ?»

«ጠርዝ ስትደርስ ትጠብባለች። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ረሳሁታ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ እታለም።»

አላቋረጥኩትም። ቀስ እያለ ነገረኝ። ከዋሻው አፍ እስከሚቆፍሩበት ድረስ በትንሽ ባቡር ሃያ ደቂቃ ነው። መብራቱ ቢጫ ነው፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ እዚያ ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት በምሳ ዕቃ ነው የሚለየው። በመጀመሪያው ወር ሲወጣ ሰማዩን ያይ ነበር። ሁልጊዜ ጨለማ ስለሚሆንበት ተወው። በአሥራ አምስት ቀን አንድ እሑድ ያርፋሉ፤ እሱንም ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ቱቦው አልጋው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ።

«የለኝም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «ዋሻ ውስጥ ነኝ፣ አላየኋትም ብትለኝ?»

«ደመና ነው ላክ ስትይኝ የለም ብዬ ልጻፍልሽ?» አለ። «የለም ካልኩሽ ሌላ ምን ትጽፊልኛለሽ? እኔ እኮ አንቺ ጋ ሲደምን ደስ ይለኝ ነበር። ትጽፊልኛለሻ።»

ጽፌ ያጠፋኋቸውን ቃላት ሁሉ አስታወስኩ፤ አንዱንም ግን አልነገርኩትም።

«ሠላሳ ሦስቱን ሰርዣቸዋለሁ» አልኩት በመጨረሻ።

«ዓመቱስ?»

«ፈረሰ።»

«አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረው?»

«አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረው።»

«ስምሽ ሊታተም…»

«ስማችን።»

«ልንገርሽ አይደል፤ ዛሬ ሁሉም ይውጣ። ዓመቱ ቢሞላም አልመጣም ነበር። ዋሻው ከሁለት ወገን ነው የሚበሳው። ሁለቱ ወገን እስኪገናኝ እረፍት የለም ተብለናል። ሰባት ወር ይቀራል ይላሉ፤ የነሱ ሰባት ወር አሥር ነው። ዓመቱ ሲሞላ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ባዶውን ነጭ ግድግዳ በተከፈተው በር በኩል አየሁት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቀን የቆጠርኩለት ነገር ከመጀመሪያውም አይሆንም ነበር። ሊከፋኝ የሚገባውን ያህል አልከፋኝም። አሥር ወር ቢያንስ እውነተኛ ቁጥር ነው።

«ሂድ እራትህን ብላ» አልኩት። «ነገ እደውላለሁ።»

«ነገ ቢጠራስ?»

«ቢጠራም።»

ደወልኩለት፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያስቸግሩ ነበር። ያለ ዲግሪና ያለ ሰዓት ማውራት አልለመድንምና አንዳችን ስንጀምር ሌላችን እንጀምራለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። እናቴ ስልኩን ትነጥቀኝና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ ካልሲው፣ ስለ ሳሉ፣ አጠገቡ ስለሚተኛው የሚያንኮራፋ በያጅ ጠይቃ ትመልስልኛለች። «እንዲህ ነው የሚጠየቀው» ትላለች። በሳምንቱ እኔም ስለ በያጁ መጠየቅ ቻልኩ።

ሁለተኛው እሑድ ላይ ዝናብ ነበር። ቴሌስኮፑን ሳላወጣ ቀርቼ፣ መዝገቡ ላይ የዕለቱን ቀን ጽፌ ብዕሬን እንደያዝኩ ስልኩ ጮኸ። አምስት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም።

«ውጪ ነኝ» አለ። «ቱቦውን አውጥቼዋለሁ። እዚህ ጠርቷል፣ አንድ ደመና የለም።»

«ማጣሪያውን መርምረሃል?»

«መርምሬያለሁ።»

«በአምፖል?»

«በአምፖል፣ እታለም! ሁለት ጊዜ። አሁን ግን ምንም አይታየኝም፣ ጥቁር ነው። የት ጋ ነው ያለችው?»

«በዓይንህ አትፈልጋት። መሬት ላይ የቱቦውን ጥላ እያየህ አዙረው። ጥላው ሲያጥር፣ ክብ ብቻ ሲሆን፣ ትገባለች።»

የእግሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጠጠር ላይ ነው የቆመው። አንድ ሰው «ምን እያደረግክ ነው?» ሲለው «ፀሐይ እየፈለግኩ» አለው። ሰውየው «ጭንቅላትህ ላይ አለች እኮ!» ብሎ ሳቀበት።

«ገባች» አለ ወንድሜ።

ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ጠርዟ ጠርቷል?» አልኩት፤ ልማድ ነው።

«እየጠራ ነው… ቆይ። ጠራ። እታለም፣ ነጥቦች አሏት። አንድ ትልቅ አለ፣ ከሥሩ ትናንሾች ተከትለውታል፣ አራት… አምስት። ዙሪያው ፈዘዝ ያለ ጥላ አለው። እንዲህ እንደነበር ረስቼዋለሁ።» ሳለ። «ፎቶ ላንሳልሽ? ካሜራው ይኸው ስልክ ነው፣ ልዝጋውና አንስቼ ልላክልሽ። ዛሬ አንቺ ጋ ደመና ነው አይደል?»

መስኮቱን አየሁ። ዝናቡ እንዳለ ነው፤ ዛሬ እኔ አላያትም። ፎቶ ካልተነሳ የዚህ ቀን ማስረጃ የለም። በቃል የተነገረ ነገር መዝገቤ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ላቦራቶሪም ቢሆን «አየሁ» ብሎ ነገር የለም፣ አሳየኝ ነው።

«አትዝጋው» አልኩት።

«ፎቶውስ?»

«ይቅር። የምታየውን ንገረኝ።»

ጀመረ። ትልቁ ነጥብ መሀሉ ላይ በቀጭን ነጭ መስመር ሊሰነጠቅ ነው አለ። ትናንሾቹን እንደገና ቆጠረና ስድስት አደረጋቸው። አንዷ ግን መኖር አለመኖሯን እርግጠኛ አልነበረም። እኔ በቀኑ ትይዩ፣ በሰማሁት ቅደም ተከተል፣ እየጻፍኩ ሄድኩ። የሚለካ ነገር የለውም። በስተመጨረሻ ቃሎቹ እየተራራቁ መጡ፣ ከዚያ መናገሩን አቆመ። ጠጠሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«እታለም፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ዝም አልሽ።»

«አንተ እያየህ ነዋ» አልኩት። «እይ።»